የታክ ዱሺክ ቀብርና ጽኑው ምላሽ

ታክ ዱሺክ የሞቱት ከባሕሩ ማዶ ያሉት ሰሜኖቹ ሚሳይል በተኮሱበት ዕለት ጠዋት ነው። የገደላቸው ግን ሚሳይሉ አይደለም። ሚሳይሉ የወደቀው ከጋልሜዶ ደሴት ርቆ፣ ሸርጣን አጥማጆቹ እንኳ መረብ የማይጥሉበት ጥልቅ ባሕር ውስጥ ነው። ሽማግሌው የሞቱት በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው፣ ሾርባቸውን እስከ ግማሽ ጠጥተው፣ ማንኪያቸውን በወጉ አስቀምጠው፣ ግድግዳውን እንደተደገፉ ነው። በሌላ ቀን ቢሆን የደሴቲቱ ሰው ሁሉ "ታድለው! እንዲህ ያለውን ሞት ለኛም ያድለን" ባለ ነበር።

ልጃቸው ማልሱን ዐይናቸውን እየከደነች ሳለ ኪሷ ውስጥ ያለው ስልክ እንደሚታረድ ፍየል ጮኸ። ወዲያው የጎረቤቶቹ ስልክ ተቀበለ፤ ቀጥሎም በየምሰሶው የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ። የሁሉም ቃል አንድ ነው፦ ወደ መጠለያ ግቡ፣ ወደ መጠለያ ግቡ። ማልሱን ልቅሶዋን ጀምራ ነበር። ጩኸቱ ግን ከላይ ተጫነባትና የገዛ ልቅሶዋን በገዛ ጆሮዋ ሳትሰማው ቀረች። ይህን እስከ ዛሬ ድረስ ለማንም ይቅር አላለችም፤ ለሰሜኖቹም፣ ለድምፅ ማጉያውም።

ጎረቤቷ የዶክሱ እናት በአንድ እግሯ ብቻ ጫማ አድርጋ በሩን በርግዳ ገባች።

"አንቺ ማልሱን! ምን ትጎለቻለሽ፣ ውጪ እንጂ! ሚሳይል ነው እኮ!"

"አባዬ ሞተ።"

"ማን?"

"አባዬ።"

የዶክሱ እናት ሽማግሌውን አየች፤ በሩን አየች፤ መልሳ ሽማግሌውን አየች።

"ታዲያ እሳቸውንስ... ተሸክመን እንውሰዳቸዋ!"

"የት? መጠለያ? ደግሞ ከምን ሊጠለል?"

ሴትዮዋ የቀረችውን አንዷን ጫማ አወለቀችና ወለሉ ላይ ተቀምጣ ከማልሱን ጋር ማልቀስ ጀመረች። ያን ጠዋት ከደሴቲቱ ሰው ሁሉ መጠለያ ያልገቡት እነሱ ሁለቱ ነበሩ።

ማልሱን ማን ናት ለሚል፣ ስሟ ራሱ ይናገራል። እናቷ ሦስት ሴት በተከታታይ ወልዳ አራተኛዋም ሴት ስትሆን፣ አያትየው ፊታቸውን አዙረው "ማልሱን በሏት" አሉ። የመጨረሻዋ ትሁን፣ ሴት በቃን ማለት ነው። እውነትም የመጨረሻ ሆነች፤ የተጠበቀው ወንድ ግን አልመጣም። እህቶቿ እየተዳሩ ወደ ዋናው ምድር ተሻገሩ። እሷንም በመርከቡ ላይ የሚሠራ አንድ ሸጋ ጎልማሳ ወዷት ነበር። "ዋናው ምድር ተሻግረን ኢንቾን ከተማ እንኑር" ሲላት "የአባዬን ሊጥ ማን ያቡካ?" አለችው። ሰውየው ሊጥ የሚያቦኩ እጆች በዓለም ላይ ሞልተዋል ብሎ ሄደ። ሄዶም ቀረ። እሷ ግን አላዘነችም፤ ተናደደች እንጂ። በሷ ቤት ኀዘንና ንዴት አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት።

ሊጡ ኑድል የሚባለው የቀጭን ፓስታ ሊጥ ነው። ታክ ዱሺክ የማዶ ሰው ነበሩ፤ ቀኑ ሲጠራ ከጋልሜዶ ኮረብታ ላይ ሆነህ ከምታየው ከዚያኛው ዳርቻ። ልጅ ሳሉ በጦርነቱ ጊዜ ከእናታቸው ጋር በጀልባ ተሻግረው "ለሦስት ቀን ነው" ተብለው የመጡ ናቸው። ሦስቱ ቀን ዕድሜ ልክ ሆነና፣ የትውልድ መንደራቸውን ቀዝቃዛ ኑድል በጋልሜዶ ወደብ እየሸጡ ኖሩ። ከሳቸው እጅ ማልሱን ተቀበለች። በረዶ የሚንሳፈፍበትን ያን ሾርባ ያልጠጣ የጦር ሰፈር ወታደር የለም፤ ማልሱን በጭልፋ ያላባረረችው ጠጪም የለም። ሽማግሌው "ይቺ ልጅ ስትወለድ አዋላጇ በርበሬ ስትደልዝ ነበር" ይሉ ነበር።

አሁን የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቷን በሦስተኛው ቀን ከእናቷ ጎን፣ ማዶን በሚያየው ኮረብታ ላይ በወጉ መቅበር። ከዚያ በፊት ለራሷ አንድም ነገር ለምና አታውቅም።

ሦስቱ እህቶቿ ዜናውን ሰምተው ወደ ዋናው ምድር ወደብ ሮጡ፤ ነገር ግን መርከብ የለም። ታላቋ በስልክ እያለቀሰች ነበር።

"ቲኬት ቆራጩ ዛሬም ነገም አይነሣም ይላል። ሚሳይሉ እኮ ወድቋል፣ አልቋል፣ ስለው—"

"እሺ፣ ምን አለሽ?"

"ሚሳይሉ አልቋል፣ ምላሹ ነው ገና አለኝ።"

ማልሱን "ምላሽ" የምትለዋን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማቻት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ቃሏ እንደ ዝንብ ጆሮዋ ላይ ስትጮህ ሰነበተች።

ጋልሜዶ የልቅሶ አዳራሽ የላትም፤ ስለዚህ ኑድል ቤቱ የልቅሶ ቤት ሆነ። ጠረጴዛዎቹ ወደ ጥግ ተገፉ፣ የሽማግሌው ፎቶግራፍ በጥቁር ሪባን ታስሮ ተሰቀለ። ነጭ አበባ በመርከብ ነው የሚመጣውና አልተገኘም፤ የዶክሱ እናት ከጓሮዋ ሥሩ የሚበላውን የራዲሽ ነጭ አበባ ቆርጣ አመጣች። አንዳንዶቹ ሊስቁ ነበር፤ የማልሱንን ዐይን አይተው ዋጡት። ቀይ የሥጋ ሾርባ በትልቅ ድስት ተጣደ፤ አረቄውም ቀረበ፤ ሽማግሌዎቹ ጥግ ይዘው ካርታ መጫወት ጀመሩ። በዚያ አገር ለቀስተኛ ሲስቅና ሲጫወት ያድራል፤ ሟቹ ብቸኝነት እንዳይሰማው ነው።

አመሻሹ ላይ የደሴቲቱ አስተዳደር ሹም አቶ ባንግ መጡ። ለደሴቲቱ አዲስ ናቸው፤ ከዋናው ምድር ከተማ የተላኩ፣ ጥሩ ሱፍ የለበሱ ሰው። ለፎቶግራፉ ሁለት ጊዜ ሰገዱ፣ ለማልሱን አንድ ጊዜ አጎነበሱ፣ ከዚያ ተቀምጠው ሾርባውን አመሰገኑ። ሾርባ አብዝቶ የሚያመሰግን ሹም ይዞት የመጣው ነገር ጥሩ አይደለም።

"እትዬ ማልሱን፣ እንግዲህ የቀብሩን ነገር በተመለከተ..."

"ከነገ ወዲያ ጠዋት ነው።"

"ችግሩ እሱ ነው። ከነገ ወዲያ ጠዋት መንግሥት ጽኑ ምላሽ ይሰጣል።"

"ለማን?"

"ለሰሜኖቹ ነዋ!"

"ከየት ሆኖ?"

አቶ ባንግ ሾርባቸውን አማሰሉ። "ከኮረብታው። መድፎቹ ያሉት እዚያ ስለሆነ... ሕዝቡ በሙሉ ከጠዋት ጀምሮ መጠለያ ይገባል። ስለዚህ ያው እንግዲህ፣ አንድ ቀን ብቻ ነው። ቀብሩን ወደ አራተኛው ቀን ብናስተላልፈው—"

ካርታው ቆመ። በዚያ አገር ሬሳ የሚቀበረው በጎዶሎ ቀን ነው፤ በሦስተኛው፣ ካልሆነ በአምስተኛው፣ የትልቅ ሰው ከሆነ በሰባተኛው። ሙሉ ቁጥር ባለው ቀን፣ በአራተኛው ወይም በስድስተኛው፣ የተቀበረ ሰው ከቤቱ ሌላ ሰው ይጠራል ይባላል። በዚያ ላይ አራት የሚለው ቁጥር በቋንቋቸው ከሞት ጋር አንድ ድምፅ ነው፤ የሆስፒታል ሊፍት እንኳ አራተኛ ፎቅን ይዘላል። አቶ ባንግ ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። የተማሩና የሠለጠኑ ስለሆኑ፣ ሌላውም ሰው እንደሳቸው የተወው መስሏቸው ነው።

"አራተኛው ቀን አልከኝ?" አለች ማልሱን። "አንቱ" ትላቸው የነበረው ቀረ።

"አይ፣ እኔ እንደ ሐሳብ ነው ያቀረብኩት—"

"የራስህን አባት በአራተኛው ቀን ቅበር!"

"እትዬ፣ አይቆጡ። እሺ፣ አምስተኛው ይሁን። ግን... ያን ዕለት ምላሹ እንደገና ጀምሮ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ይቀጥላል።"

"ሰባተኛውስ?"

"እሱ እንኳ ሰሜኖቹ ለምላሹ በሚሰጡት ምላሽ ይወሰናል።"

ማልሱን ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ጣለችው፤ ቀዩ ሾርባ በአቶ ባንግ ሱፍ ላይ ተረጨ። "ስማኝ። ሚሳይላቸው ባሕር ገብቶ አሣ እየበላው ነው። እናንተ ከነገ ወዲያ ተነሥታችሁ ባሕር ትደበድባላችሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው! ውሻውስ ይጩህ፤ የሚጮኸው ግን የእናቴ መቃብር ላይ ቆሞ ነው፤ አባቴም እዚህ ኑድል ቤት እየሸተተ ይጠብቃችሁ?"

አቶ ባንግ ሱፋቸውን እየጠረጉ ወጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ከላይ የታዘዙትን ወደ ታች ከማውረድ ሌላ ሥራ የላቸውም፤ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ደግሞ ማን ራስ ላይ እንደሚያርፍ አያዩም። ይህ ዓይነቱ ሰው በየአገሩ ሞልቷል፤ ደመወዙም መጥፎ አይደለም።

በማግሥቱ ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ስለ ምላሽ ሲያወራ ዋለ። ክራቫት ያሰሩ ሰዎች ክብ ጠረጴዛ ከበው፣ አንዱ "ተመጣጣኝ" ሲል ሌላው "የማያዳግም" ይላል፤ ሦስተኛው ካርታ ላይ ቀይ መስመር ያሰምራል። ከቀዩ መስመር በታች አንዲት ትንሽ ነጥብ አለች። ነጥቧ ጋልሜዶ ናት። ስሟን ማንም አላነሣውም።

ለቀስተኞቹም በሐሳብ ለሁለት ተከፈሉ። የሸርጣን ጀልባው ካፒቴን ናም አረቄውን ጨብጦ "ለአንዱ ዐሥር ነው መመለስ!" አለ። "እነሱ ርኅራኄ አይገባቸውም። ዝም ስትላቸው ፈሩ ይላሉ። ባለፈው ዝም ተብለው አይደል መረቤን ይዘው የሄዱት?"

"መረብህን የወሰደው ማዕበል ነው" አሉት ጋሼ ፒልጉ። ጋሼ ፒልጉ የሬሳ ተሸካሚዎች መሪ ናቸው፤ ደወል ይዘው ከፊት እየዘፈኑ ሟችን የሚሸኙ፣ አፋቸው የማያርፍ ሽማግሌ።

"ማዕበሉም የሰሜን ነበር!"

"አሁንስ አበዛኸው። ማዕበሉንም ካድሬ አደረግኸው።" ሰዉ ሳቀ። ጋሼ ፒልጉ ግን አልሳቁም። "ዱሺክ ምን ይል ነበር መሰላችሁ? ጎረቤትህ ጣራህ ላይ ድንጋይ ሲወረውር መጀመሪያ ልጆችህን ከግቢ አስገባ፣ ስድቡ ይደርሳል። የኛዎቹ ስድቡን አስቀደሙ።"

"ልጆቹንማ መጠለያ አስገቡ አይደል?" አለ ካፒቴኑ።

"ሬሳውንስ?"

ማልሱን ከወጥ ቤት ወጥታ የቴሌቪዥኑን ገመድ ከነሶኬቱ ነቀለችው፤ የግድግዳው ልስን አብሮ ወደቀ።

የመድፈኛው አዛዥ ሻለቃ ጉክ የመጣው ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ቦቲውን በር ላይ አውልቆ፣ ካልሲው ተቀዶ አውራ ጣቱ ወጥቶ እያፈረ ገባ። ሁለት ጊዜ ሰገደ። ከሽማግሌው እጅ ብዙ ኑድል የበላ ሰው ነው፤ ሲነሣ ዐይኑ ቀልቶ ነበር። ማልሱን ሾርባ አቀረበችለት። ብትናደድም የመጣን ሰው ሳታበላ አትሰድም፤ ያም ራሱ ያናድዳታል።

"ሻለቃ፣ እስቲ አንድ ነገር አስረዳኝ። ይኼ ምላሽ የምትሉት ምንድነው?"

"እትዬ፣ አንድ ሰው ሲመታሽ ዝም ካልሽ ነገ ደግሞ ይመታሻል። በቃ፣ እሱ ነው።"

"የመቱት እኮ ውሃ ነው።"

"ዛሬ ውሃ ነው። ነገ ይህ ቤት ቢሆንስ? ያኔ መጥተሽ የት ነበራችሁ ብትዪኝ ምን እመልስልሻለሁ?"

ከዓመታት በፊት ከማዶ የመጣ መድፍ የወደቡን የዓሣ መጋዘን ሲያቃጥለው ማልሱን እሳቱን በባልዲ ካጠፉት አንዷ ናት። ሰውየው ያለው እውነት ነው። እውነት ስለሆነ ደግሞ ይበልጥ ነደደች።

"እንግዲያው መልሱ! ማን ያዛችሁ! እነዚያ ርጉሞች እንኳን መድፍ ሌላም ይገባቸዋል። ግን እኔም ጠይቄያለሁ እኮ! አባቴን በሦስተኛው ቀን ልቅበር ብዬ ጠይቄያለሁ። ለጠላት እንቅልፍ አጥታችሁ ምላሽ ትሰጣላችሁ፤ ለኔ የሚመልስልኝ ሰው የለም?"

ሻለቃው ሾርባውን ጨርሶ ተነሣ።

"ጎህ ሲቀድ ውጡ" አለ። "ኬላው ላይ እነግራቸዋለሁ። እስከ አራት ሰዓት አንድ ጥይት አይተኮስም። ቃሌ ነው።"

"ያንተ ቃል ነው ወይስ ያለቆችህ?"

"የኔ" አለ ሻለቃ ጉክ፤ ሲለውም ከልቡ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ ማዶ ያለው ዳርቻ ከነቤቱ ጭስ ይታያል። እንደ ወትሮው ቢሆን ሬሳውን የሚሸከሙት ከጦር ሰፈሩ የሚመጡ ጎረምሶች ናቸው፤ ያን ቀን ግን ሁሉም በየመድፋቸው ናቸው። ስለዚህ ስምንት ሽማግሌ ዓሣ አጥማጆች ቃሬዛውን ተሸከሙ። ካፒቴን ናም ከነሱ ውስጥ ልጅ እግሩ ነው፤ እሱም ስድሳ አራት ዓመቱ ነው። ማልሱን ሻካራውን የኀዘን ልብስ ለብሳ፣ በገመድ ታጥቃ፣ ከኋላ ተከተለች። ጋሼ ፒልጉ ደወላቸውን አንቃጨሉ።

"ሦስት ቀን ብለህ መጥተህ፣ ዱሺክ ሆይ፣ ምነው ዘገየህ?"

"ኦሆ! ኦሆ!" ተቀበሉ ተሸካሚዎቹ።

"ጉልበታችን አልቋልና እስቲ ተነሥተህ አግዘን!"

"ኦሆ! ኦሆ!"

"ኑድሉን እየበላህ ከበድክ፣ ሒሳቡን ለልጅህ ተውክ!"

ተሸካሚዎቹ ሲስቁ ቃሬዛው ተንገዳገደ፤ የዶክሱ እናት ጮኸች። ማልሱንም ሳታስበው ሳቀች፤ አባቷ ከሞቱ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ኬላው ላይ አንድ መቶ አለቃ አጥሩን ከፍቶ፣ ለቃሬዛው በወታደር ሰላምታ ቆሞ፣ "እባካችሁ ፈጠን በሉ፣ እባካችሁ" አለ። የመድፎቹ አፍ ከመቃብሮቹ በላይ ወደ ባሕሩ ተቀስሯል። በመድፎቹና በማልሱን እናት መቃብር መካከል ያለው ርቀት አንድ የድንች ማሳ የሚያህል ነው።

ጉድጓዱ ባለፈው ቀን ተቆፍሮ አድሯል። አፈሩ የባሕር ዳር አፈር ነው፤ አሸዋ የበዛበት። ሣጥኑን በነጭ ጨርቅ ይዘው በቀስታ አወረዱት። በላዩም ቀዩን ጨርቅ ዘረጉበት፤ በነጭ ፊደል ስማቸውና የተወለዱበት የማዶ መንደር ስም የተጻፈበትን።

አሁን የቀረው የመጀመሪያው አፈር ነው። በወጉ የሟች የበኩር ወንድ ልጅ በልብሱ ዘርፍ አፈር ዘግኖ "አፈር አለብሳለሁ" እያለ ሦስት ጊዜ ይጥላል፤ ከዚያ በፊት ሌላ ማንም አንዲት ጭብጥ አይጥልም። ያ አፈር ልጅ ለወላጁ የሚያለብሰው የመጨረሻ ልብስ ነው ይላሉ።

ካፒቴን ናም ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ ወንድ ልጅ ስለሌለ፣ እኔ በዘመድ ወግ—"

"ወንዱን ስትጠብቁ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞላኝ" አለች ማልሱን። "ዞር በልልኝ።"

ዞር አለ። እሷም ተንበርክካ በልብሷ ዘርፍ አፈር ዘገነች። ብድግ ብላ ወደ ጉድጓዱ አፋፍ ስትጠጋ መድፉ ተተኮሰ።

አራት ሰዓት አልሆነም፤ ገና ነበር። ኋላ እንደተወራው ምላሹ ለጠዋቱ ዜና እንዲደርስ ተብሎ ከላይ ታዝዞ ነው፤ ሻለቃ ጉክም በስልክ ሲጨቃጨቅ "ቀብሩ የማነው?" ተብሎ ተጠይቋል። የአንድ ኑድል ሻጭ ነው ቢል ምን ሊሉት ነው። ያን ጊዜ ግን ኮረብታው ላይ ያሉት ይህን ሁሉ አያውቁም። የሚያውቁት ምድሪቱ ከእግራቸው በታች መዝለሏን ነው። ጆሯቸው ተደፈነ፤ ሁሉም ባለበት ተደፋ። ከዚያ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ማልሱን የዘገነችው አፈር ከዘርፏ ተበተነ።

ቀና ስትል ጉድጓዱ የለም። አንደኛው ጎኑ ተንዶ ሣጥኑን አልብሶታል። ቀዩ ጨርቅ፣ ስሙ፣ የመንደሩ ስም፣ ሁሉም ከአሸዋው ሥር ሆኗል።

መቶ አለቃው ከኬላው እየሮጠ መጣ። "ወደ መጠለያ! ሻለቃው ይቅርታ ብለዋል! ትእዛዝ ተቀይሮ ነው! ውረዱ!"

ጋሼ ፒልጉ ደወላቸውን ከአፈር ላይ አነሡ። "ልጄ፣ ተቀብሯል በቃ። የቀረውን ደፍተንበት እንውረድ። ዱሺክ ይረዳል።"

"ማን ቀበረው?" አለች ማልሱን።

"እንዴት?"

"ማን ቀበረው ነው የምልህ ጋሼ ፒልጉ! እኔ ነኝ የቀበርኩት? የመጀመሪያውን አፈር እኔ ነኝ የጣልኩት?"

መልሳቸውን አልጠበቀችም። ዘላ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች፤ በጉልበቷ ተንበርክካ በሁለት እጇ አሸዋውን መዛቅ ጀመረች። አካፋ ልስጥሽ ሲሏት "ብረት አባቴን አይነካውም!" ብላ ጮኸች። መድፉ በተተኮሰ ቁጥር ጎኑ ይናዳል፤ ያወጣችውን ያህል ተመልሶ ይገባል። እሷም መልሳ ታወጣለች። እየዛቀች ትሳደባለች፤ ሰሜኖቹን ትሳደባለች፣ የኛዎቹን ትሳደባለች፣ ክራቫት ያሰሩትን፣ አቶ ባንግን፣ ለሦስት ቀን ነው ብሎ አባቷን በጀልባ ያሻገረውን ሰው። ያ ሁሉ ስድብ መድፉ ሲያርፍ ይሰማል፤ ሲተኮስ ይዋጣል።

የዶክሱ እናት በሆዷ ተኝታ ከአፋፉ ላይ አፈሩን በሽርጧ ትቀበላት ጀመር። ቀጥሎ ካፒቴን ናም፣ ያ ለአንዱ ዐሥር ሲል የነበረው፣ ከቃሬዛው ላይ ሳንቃ ገንጥሎ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ። ሳንቃውን በሚናደው ጎን ላይ አጋድሞ በጀርባው ደገፈው።

"ምን ታዩኛላችሁ፣ ግቡ!" አለ ሌሎቹን። "እኔ ብቻዬን ተራራ ልያዝ?"

ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ጀርባቸውን ለሳንቃው ሰጥተው፣ እግራቸውን ከሣጥኑ አርቀው ቆሙ። መድፉ ሲያጓራ ሁሉም ዐይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ሳንቃው ይገፋቸዋል፤ እነሱም ይገፉታል። መቶ አለቃው "ታዝዤ ነው፣ እባካችሁ፣ ታዝዤ ነው" እያለ ከላይ ቆሟል። የሚሰማው አልነበረም።

በመጨረሻ ቀይ ነገር ታየ። ማልሱን አሸዋውን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ታክ የሚለው ታየ፣ ዱሺክ የሚለው ታየ፣ ከሥሩ የመንደራቸው ስም። ጣቶቿ ደምተው ነጩን ፊደል አቀለሙት። ሣጥኑ ላይ አንዲት ጭብጥ እንኳ እስከማይቀር አራገፈች። ከዚያ እጇን ለጋሼ ፒልጉ ሰጠቻቸውና ጎትተው አወጧት።

ያ የተናደውን አፈር አልነካችውም። ከእናቷ መቃብር ጎን ሄዳ በልብሷ ዘርፍ አዲስ አፈር ዘገነች። አፋፉ ላይ ቆመች። መድፉ ተተኮሰ፤ እስኪያልፍ ጠበቀች፤ ሌላው ተተኮሰ፤ እሱንም ጠበቀች። የሚቀጥለውን ግን አልጠበቀችም።

"አፈር አለብሳለሁ!" አለች በጩኸት፤ ጣለችም። "አፈር አለብሳለሁ! አፈር አለብሳለሁ! አባዬ፣ ትሰማለህ? ያኛው አይቆጠርም! የመጀመሪያው ይኼ ነው!"